ሞርፊኑን የምታመጣው አስተማሪዋ ናት

የማኅፀን በር ካንሰር የጠናባት እናት ከደባርቅ ተነሥታ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ጎንደር ስትገባ፣ በሽታው ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ከሚወጣበት ደረጃ አልፎ ይገኛል። ከዚያ ወዲያ ለእርሷም ለቤተሰቧም ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ዛሬ ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳታል ወይ የሚለው ነው። ሐኪሙ ጠዋት ዞሮ አይቷት ይሄዳል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስታቃስት የምትሰማት ነርሷ ናት። ያቺ ነርስ ሕመም መለካት፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ መስጠት፣ ተረኛውን ሐኪም ጠርታ መጠኑ እንዲጨመር መጠየቅ፣ አስታማሚዋን ቁጭ አድርጋ ማስረዳት የተማረች ከሆነች እናትየዋ ትተኛለች። ካልተማረች መድኃኒቱ ፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ታማሚዋ ስታቃስት ታነጋለች።

የማስታገሻ ክብካቤ፣ ወይም ብዙዎች እንደሚሉት ፓሊየቲቭ ኬር፣ በከባድ በሽታ የተያዘን ሰው ሥቃይ የማቅለል ሥራ ነው። የአካል ሕመሙን፣ የትንፋሽ ማጠሩን፣ ማቅለሽለሹን፣ ፍርሃቱን፣ የቤተሰቡን ጭንቀትና ከፈጣሪው ጋር ያለውን ጉዳይ ሁሉ ይመለከታል። የሚጀምረው በሽታው ከታወቀበት ቀን ነው፤ ከዋናው ሕክምና ጋርም ጎን ለጎን ይሄዳል። ለካንሰር ብቻ የተተወ አይደለም፤ የልብ ድካም፣ የኩላሊት መድከም፣ ስትሮክና ኤችአይቪ ያለባቸውም ይፈልጉታል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ክብካቤ ያስፈልጋቸዋል፤ የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ናቸው። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 አገሮች ሁሉ ክብካቤውን በጤና ሥርዓታቸው ውስጥ እንዲያካትቱ ወስኗል። የእኛ ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ መመሪያ አውጥቷል።

መመሪያው አለ ማለት ነው። የቀረው መመሪያውን አልጋው ዳር ድረስ የሚያደርሰው ሰው ነው። በእኛ እምነት ያ ሰው አስተማሪ ነርስ ናት፤ ሌሎች ነርሶችንና ተማሪዎችን አልጋ ዳር የምታስተምር ማለታችን ነው። ለከባድ ሕመም የሚሰጠው ማስታገሻ፣ ሞርፊኑ፣ እስኪመጣ ትጠብቅ የሚለውን ሐሳብም አንቀበለውም፤ ሞርፊኑ የሚመጣው እርሷ ሥራዋን ከጀመረች በኋላ ነውና። ለምን እንደሆነ ከመድኃኒት አቅርቦቱ እንጀምር።

ያልታዘዘ መድኃኒት አይቆጠርም

ሞርፊን እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። እያንዳንዱ አገር ለሚመጣው ዓመት የሚያስፈልገውን መጠን ገምቶ ለዓለም አቀፉ የናርኮቲክ ቁጥጥር ቦርድ ያስታውቃል፤ ያስታወቀውን ያህል ያስገባል፤ ሲያንሰው ተጨማሪ ግምት ማቅረብ አለበት። ግምት ሲሠራ መጀመሪያ የሚታየው ባለፈው ጊዜ ወጪ የሆነው ነው። ጤና ተቋም ለአቅራቢው መሥሪያ ቤት የሚልከው ጥያቄም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

አሁን አንድ የሕክምና ክፍል እንውሰድ። ነርሷ ሕመምን አትለካም፤ ስለዚህ በታማሚው ሰንጠረዥ ላይ የሙቀት፣ የደም ግፊትና የትንፋሽ ቁጥር እንጂ የሕመም ቁጥር የለም። ሐኪሙ ቁጥር ስላላየ ሞርፊን አያዝም። ፋርማሲስቱ የገባው ጠርሙስ ሳይነካ ጊዜው እንዳለፈበት መዝግቦ በሚቀጥለው ጊዜ ጥያቄውን ይቀንሳል። ከዓመት በኋላ አንድ ሐኪም ለአንድ ታማሚ አዝዞ ወረቀቱ «የለም» ተብሎ ይመለስለታል። ያ ሐኪም ሁለተኛ አያዝም። በእርሱ ሥር የሚለማመዱት ተማሪዎችም ሞርፊን ሲሰጥ ሳያዩ ይመረቃሉ፤ ተመርቀው ዳባት ወይም መተማ ሲመደቡ የማያውቁትን መድኃኒት አይጠይቁም። ክቡ በዚህ ይዘጋል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳወጣው፣ በዓለም በዓመት ከሚሠራጨው በሞርፊን ልክ የተሰላ 298.5 ቶን የዚህ ወገን መድኃኒት ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ነበር። ገንዘብና የሕግ ጥብቀት ለዚህ ድርሻ አላቸው፤ ያልተለካ ሕመምም ድርሻ አለው።

ይህን ክብ ሊበጥሰው የሚችል ርካሹ ቦታ የነርሷ ሰንጠረዥ ነው። የሕመም ቁጥር በየፈረቃው መጻፍ ሲጀመር ሐኪሙ ያየዋል፤ ያዝዛል፤ ፋርማሲው ወጪ ይመዘግባል። ከዚያ የሚመጣው ስሌት ነው፣ አስተማሪዋም ስሌቱን ማወቅ አለባት። ብዙ ተቋማት የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። አንድ ሆስፒታል በስድስት ወር 60 ሊትር የሞርፊን ፈሳሽ አወጣ እንበል። 60ን ለ6 ብናካፍል በወር 10 ሊትር ይወጣል። ነገር ግን በመካከሉ ሁለት ወር መድኃኒቱ አልቆ ከነበረ ማካፈል ያለብን ለ4 ነው፤ እውነተኛው የወር ፍጆታ 15 ሊትር ነው። የጠፋባቸውን ወራት ያልቀነሰ ሆስፒታል በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሦስተኛ ያህል አጉድሎ ይጠይቃል፤ ስለዚህም ቶሎ ያልቅበታል፤ ስለዚህም ይበልጥ አጉድሎ ይጠይቃል።

ያለፈ ፍጆታ ጭራሽ የሌለበት ቦታ የሚነሣው ከታማሚ ቁጥር ነው። በዓለም አቀፍ ግምቶች የተለመደው ስሌት ሞርፊን የሚያስፈልገው የካንሰር ታማሚ በቀን ከ60 እስከ 75 ሚሊግራም ለ90 ቀን ያህል ይወስዳል የሚል ነው። መካከለኛውን 67.5 ሚሊግራም ብንይዝ ለአንድ ሰው 6 ግራም ገደማ ይሆናል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊግራም ባለው ፈሳሽ ሲሰላ 6 ሊትር ማለት ነው። በዓመት እንዲህ ያሉ 100 ታማሚዎች የሚያይ ተቋም 600 ግራም ገደማ ይፈልጋል። ይህን አንድ መስመር ስሌት ይዛ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ ፊት የምትቀርብ ነርስ «ታማሚዎቻችን እየተሠቃዩ ነው» ብላ ብቻ ከምትቀርበው ይልቅ ትሰማለች። ሁለተኛዋም ያለችው እውነት ነው፤ ግዢ የሚፈጸመው ግን በግራም ነው።

አሥራ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት፣ አራት

አልጋ ዳር የሚሰጠው ትምህርት ከጥያቄ ይጀምራል። የጎንደር እናት «እንዴት ነዎት?» ስትባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላለች፤ ፊቷ ግን ሌላ ይናገራል። ስለዚህ ተማሪዋ ሁለተኛውን ጥያቄ መልመድ አለባት፦ «ሌሊት ስንት ጊዜ ነቁ? ለጸሎት መቆም ቻሉ? ሽንት ቤት በራስዎ ሄዱ?» ቀጥሎ መለኪያው ይመጣል። ቁጥር ለማይቀናቸው ሰዎች የእጅ መለኪያ ይሠራል፦ የተጨበጠ እጅ ሕመም የለም ማለት ነው፣ አምስቱም ጣት ሲዘረጋ ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው። የሕመሙ ጠባይም ይጠየቃል። ያቃጥላል፣ ይነዝራል፣ እንደ ኤሌክትሪክ ይይዛል የሚሉት የነርቭ ሕመም ነው፤ ለእርሱ ማታ ማታ ትንሽ አሚትሪፕቲሊን መጨመሩ ሞርፊኑን ብቻ ከማብዛት ይሻላል።

በየክፍሉ ሥር የሰደዱ ሁለት ልማዶች መታረም አለባቸው። አንደኛው የዳይክሎፌናክ መርፌን ለሳምንታት መደጋገም ነው፤ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ለከባድ የካንሰር ሕመምም አይበቃም። ሁለተኛው ከሞርፊን ወገን የሆነው ፔቲዲን ነው፤ የሚያስታግሰው ለሁለትና ሦስት ሰዓት ነው፣ ሰውነት ውስጥ ሲፈርስ የሚወጣው ንጥረ ነገር እየተጠራቀመም የሚጥል ምልክት ያመጣል። ለቀናት የሚቆይ ሕመም በፔቲዲን አይታከምም።

ከሞርፊን ወገን መድኃኒት ወስዶ የማያውቅ አዋቂ የሚጀምርበት የሞርፊን መጠን ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 5 ሚሊግራም ነው፤ በአፍ፣ በየአራት ሰዓቱ። ለሸመገለና ለከሳ ሰው ከ2.5 ይጀመራል፤ ኩላሊቱ ለደከመ ደግሞ መጠኑ አንሶ ልዩነቱ ይሰፋል። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር መርሐ ግብሩ ለማስታወስ ቀላል ነው፦ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 12፣ ማታ 4። የማታ አራቱ እጥፍ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ ታማሚው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሳይቀሰቀስ እስከ ጠዋት 12 ይቆያል። በመካከል ሕመሙ ከተነሣ የአንድ ጊዜው መጠን በተጨማሪ ይሰጣል፤ ግን የተጨመረው መጻፍ አለበት፣ የነገው መጠን የሚሠራው ከእርሱ ነውና። ምሳሌ፦ በ5 ሚሊግራም የጀመረች ታማሚ በቀን ስድስት እጥፍ፣ ማለትም 30 ሚሊግራም ወስዳለች። ሦስት ጊዜ 5 ሚሊግራም ተጨመረላት፤ ድምሩ 45 ሆነ። ለ6 ሲካፈል አዲሱ የአንድ ጊዜ መጠን 7.5 ሚሊግራም ነው። የሦስቱ ጭማሪ ካልተጻፈ ሐኪሙ ጠዋት በ5 እንድትቀጥል ያዛል፣ ሕመሙም ይቀጥላል።

ታማሚዋ ወደ ቤት ስትሄድ ሁለት ስሕተቶች ያደባሉ። አንዱ ሰዓት ነው። መለያው ላይ 6፣ 10፣ 2፣ 6፣ 10 ተብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተጻፈ ቤተሰቡ በሐበሻ ሰዓት ያነበዋል። ያን ጊዜ እጥፉ መጠን የሚሰጠው ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ይሆናል፤ ቀጣዩ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት አይሰጥም። ለእንቅልፍ የታሰበው ስምንት ሰዓት ባዶ ክፍተት ታማሚዋ ነቅታ በምትውልበት ጠዋት ላይ ይወድቃል። ሌላው ማንኪያ ነው። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፣ የሾርባ ማንኪያ 15። «አንድ ማንኪያ» የተባለ ቤተሰብ ሦስት እጥፍ ሊሰጥ ይችላል። መፍትሔው መርፌ የሌለው ሲሪንጅ መስጠት፣ መጠኑ ላይ በፕላስተር መስመር ማድረግ፣ አስታማሚዋም ነርሷ ፊት ራሷ ቀድታ እንድታሳይ ማድረግ ነው። ገብቶሻል ወይ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ገብቶኛል ማለት ለሁሉም ይቀላል። ፈሳሹ በአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊግራም ነው ወይስ አሥር የሚለውም በትልቁ ይጻፍ። ዩጋንዳ ውስጥ ሆስፒስ አፍሪካ የተባለው የማስታገሻ ክብካቤ ድርጅት ለዚህ ብሎ የየጥንካሬው ፈሳሽ ቀለም እንዲለያይ አድርጓል፤ ደካማው አረንጓዴ ነው፣ ማንበብ የማይችልም ይለየዋል።

ሞርፊን ሲጀመር የሆድ ድርቀት መድኃኒትም አብሮ ይጀመራል፦ ቢሳኮዲል ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም ማታ ማታ። ይህን መርሳት ታማሚዎች ሞርፊንን ከሚተዉባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው፤ በሳምንቱ ሆዳቸው ተነፍቶ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ይላሉ። ቤተሰቡ ተልባ ያቀርባል። ተልባ በሞርፊን የዘገየን አንጀት ብቻውን አያንቀሳቅስም፤ ውሃ በደንብ ካልተጠጣ እንዲያውም ያባብሳል። ማቅለሽለሽ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፤ ሜቶክሎፕራሚድ 10 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለጥቂት ቀናት ይይዘዋል። እንቅልፍ ማብዛትም ሁለት ሦስት ቀን ይታያል፤ ለሳምንታት ያልተኛ ሰው ነው የሚተኛው። ለቤተሰቡ ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ «ልትሞት ነው» ብለው መድኃኒቱን ይደብቃሉ። የሚያስፈራው ምልክት ሌላ ነው፦ ቢቀሰቅሷት አለመንቃት፣ ትንፋሽ በደቂቃ ከ8 በታች መውረድ፣ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ መጥበብ፣ የጡንቻ ብርግግታ። እንዲህ ሲሆን ቀጣዩ መጠን ይቆማል፣ ሐኪም ይጠራል፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የኩላሊት መድከም ወይም የማንኪያ ስሕተት ሆኖ ይገኛል።

ስለ ሱስ የሚነሣው ፍርሃት ከነርሶችም ይመጣል፣ ስለዚህ በግልጽ መመለስ አለበት። ለሕመም በልኩ የሚወሰድ ሞርፊን ሰውነትን ያለማምዳል፤ በድንገት ሲቋረጥ ላብና ቁርጠት ያመጣልና ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ይህ ከሱስ ይለያል። ሱሰኛ ጉዳት እያየ መድኃኒቱን ለራሱ ለመድኃኒቱ ሲል ያሳድዳል፤ ሕመሙ የታገሠለት ሰው ግን ልጆቹን ይጠራል፣ ምግብ ይጠይቃል። ያም ሆኖ ጠርሙሱ ከልጆች ርቆ በሚቆለፍ ሳጥን ይቀመጥ፤ ታማሚው ሲያርፍ የተረፈው ወደ ፋርማሲ ይመለስ።

ስለ ቁስል አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። የፈነዳ የጡት ካንሰር ጠረኑ ታማሚዋን ከጎረቤት ይለያታል፤ ቡና እንኳ የሚጠራት ታጣለች። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ከሁለት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ ጨው ተጨምሮ ቁስሉ ይታጠባል፤ ሜትሮኒዳዞል ክኒን በደንብ ተፈጭቶ ይነሰነስበታል፤ ጨርቁ በየቀኑ ይቀየራል። ጠረኑ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። ቤተሰቡ ለጠረኑ ብሎ የሚያጨሰው ዕጣን ትንፋሽ ለሚያጥራት ታማሚ ጉዳት ነው፤ መስኮት መክፈቱ ይሻላል።

«ለእርሷ እንዳትነግሯት»

ከሁሉ የሚከብደው ትምህርት ንግግር ነው። ቤተሰብ ነርሷን ኮሪደር ላይ ይዞ «ለእርሷ እንዳትነግሯት፣ ትሰበራለች» ይላል። ከፍቅር የመጣ ቃል ነው፣ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ግን ያልተነገራት እናት ንስሐ ሳትገባ፣ ከእኅቷ ሳትታረቅ፣ የመሬቷን ጉዳይ ለልጆቿ ሳታስታውቅ ልታልፍ ትችላለች። ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ ታውቃለች፤ የሚያስታምሟት ሲንሾካሾኩ ታያለች።

ተማሪዎች የሚለማመዱት መንገድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቤተሰቡ ይሰማል፦ ምን እንደሚፈሩ ይጠየቃሉ። ከዚያ «እርሷ ራሷ ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ ብንጠይቃትስ?» ተብሎ ፈቃዳቸው ይለመናል፤ ሳትጠይቅ በግድ እንደማይነገራት ቃል ይገባላቸዋል። ቀጥሎ ለታማሚዋ፦ «እማማ፣ ስለ ሕመምዎ እስካሁን ምን ነገሩዎት? እርስዎስ ምን ይመስልዎታል?» መልሷን እስክትጨርስ ዝም ማለት ነው። «ሁሉንም ልንገርዎት ወይስ ከልጅዎ ጋር እንነጋገር?» ለልጄ ንገሩት ካለች ይህም ውሳኔዋ ነው፣ ይከበራል። ማወቅ ከፈለገች አንድ ነገር በአጭሩ ተነግሯት ዝም ይባላል። መጨረሻ ላይ ነገ ምን እንደሚደረግላት ይነገራታል፦ ሕመሟ እንደሚታገሥ፣ ማን እንደሚያያት፣ ሌሊት ማንን እንደምትጠራ።

ልምምዱ በአማርኛ መሆን አለበት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ተማሪዋ ደረጃዎቹን ወረቀት ላይ ጽፋ ሙሉ ነጥብ ታገኛለች፤ አልጋው ዳር ግን አንድም ዓረፍተ ነገር አታወጣም። ሃያ ደቂቃ በቂ ነው፦ አንዷ ታማሚ፣ አንዱ የበኩር ልጅ፣ አንዷ ነርስ ትሆናለች፤ አስተማሪዋ መሐል ላይ አቁማ እንደገና ታስጀምራለች። ብዙ ጊዜ የምታርመው ስሕተት ታማሚዋ «እሞታለሁ ወይ?» ስትል ተማሪዋ ፈጥና «አይዞዎት፣ ምንም አይሆኑም» ማለቷን ነው። ያ መልስ በር ይዘጋል። «ምን አሳሰበዎት?» ብሎ መጠየቅ ይከፍተዋል።

ጸበልና ጾምም ትምህርቱ ውስጥ መግባት አለባቸው፣ መድኃኒት የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ በእነርሱ ሰበብ ነውና። ወደ ጸበል የምትሄድ ታማሚን መከልከል ከነርሷ ያርቃታል፤ ሲሪንጁንና ጠርሙሱን ይዛ እንድትሄድ ማድረግ ግን ይቻላል። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ማስተማራቸው ዛሬም ለነርሶች ትልቅ ድጋፍ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ታማሚ የጠዋቱን 12፣ የ4ቱንና የ8ቱን መጠን ታልፋለች፤ በተከታታይ ሦስት ሲዘለል ሕመሙ ተነሥቶ ለመመለስ ቀን ይፈጃል። እዚህ ላይ የነርሷ ምክር ብቻውን አይበቃም፤ የንስሐ አባቷ አንድ ቃል ይበቃል። ስለዚህ ጥሩ አስተማሪ ተማሪዎቿን የታማሚዋን ንስሐ አባት ስልክ መዝገብ ላይ እንዲጽፉ ታስለምዳለች። በጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ላሉ ሙስሊም ታማሚዎችም በረመዳን እንዲሁ ነው፤ ሃይማኖቱ ለታመመ ሰው ጾሙን እንደሚያነሣለት ከኢማሙ መስማት ይቀልላቸዋል።

ሞት ሲመጣም ልማድ አለ። መርዶ በእኛ አገር ለብቻዋ ላለች ሴት ልጅ በሌሊት በስልክ አይነገርም። ተማሪዋ ከቤተሰቡ ሽማግሌ የሆነውን ለይታ አስቀድማ መመዝገብ፣ ወደ እርሱ ደውላ እንዲመጣ መጠየቅ አለባት።

አምስት ቀን ሥልጠና፣ ከዚያስ?

የማስታገሻ ክብካቤ ሥልጠና ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በአዳራሽ፣ ለጥቂት ቀናት ነው። የመግቢያ ፈተና፣ የመውጫ ፈተና፣ አበል፣ የምስክር ወረቀት። የመውጫ ፈተናው ውጤት ከፍ ይላል፣ ሪፖርቱም ያምራል። ሠልጣኟ ወደ ክፍሏ ስትመለስ ብቻዋን ናት፤ ሰንጠረዡ የሕመም ዓምድ የለውም፤ ሐኪሙ ሥልጠናውን አልወሰደም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በዙር ወደ ሕፃናት ክፍል ትዛወራለች። እውቀቱ አብሯት ይሄድና ይረሳል። የሠለጠኑትን ቁጥር መጨመር ይህን አይፈውስም። የሚፈውሰው ሥልጠናው ካለቀ በኋላ በየሳምንቱ ወደ ክፍሉ የምትመለስ፣ የትናንቱን ሰንጠረዥ ገልጣ «ይህች ታማሚ አራት ጣት ብላ ለምን ምንም አልተሰጣትም?» ብላ የምትጠይቅ ሰው ናት።

የሙያው ታሪክም ነርሶችን ያስቀድማል። ዘመናዊውን የሆስፒስ፣ ማለትም ለሞት የተቃረቡትን የማስታመም፣ ንቅናቄ የጀመሩት ሲሲሊ ሳንደርስ መጀመሪያ የሠለጠኑት በነርስነት ነበር፤ ሐኪም የሆኑት ኋላ ነው፣ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን በለንደን የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው ኤልኔክ የተባለው የነርስ አስተማሪዎች ሥልጠና የተነሣው የነርሲንግ መማሪያዎች ስለ ሕይወት ፍጻሜ እጅግ ጥቂት ብቻ ይዘው በመገኘታቸው ነው፤ መንገዱም አስተማሪዋን ማስተማር ነበር። ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ በሕግ ፈቅዳለች፤ በዓለም የመጀመሪያዋ ነበረች። በአገራችንም ሆስፒስ ኢትዮጵያን እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የመሠረቱት ነርስ ናቸው፣ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን።

ጎንደር ለዚህ ሥራ ከብዙ ከተሞች የተሻለ መነሻ አላት። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የበቀለበት ተቋም፣ ጤና መኮንንን፣ የኅብረተሰብ ነርስንና የአካባቢ ጤና ባለሙያን በአንድ ቡድን አድርጎ ደምቢያ ወዳሉት ገጠሮች በመላክ ነው ያስተማረው። የቡድን ሥልጠናው ልማድ እስካሁን አለ፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ወደ ወረዳ ወጥተው ከጤና ጣቢያና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ይሠራሉ። እዚህ ላይ አዲስ መዋቅር ሳያስፈልግ አንድ ግዴታ ቢጨመር በቂ ነው፦ እያንዳንዱ ቡድን በቆይታው በከባድ በሽታ ቤቷ የተኛች አንዲት ታማሚ ይፈልግ፣ ደጋግሞ ይጎብኝ፣ የሕመም ቁጥሯን ይመዝግብ፣ አስታማሚዋን ያስተምር። ቆላ ድባ ወይም ማክሰኚት ያለች ታማሚ ጎንደር ድረስ መመላለስ የሚከብዳት በሕመሟ ብቻ አይደለም፤ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። መንገዱ በማያስተማምንበት ወቅት ሕጉ እስከፈቀደ ድረስ የሚሰጣት መድኃኒት ለረዘመ ጊዜ መሆን አለበት፤ ይህም የሚቻለው በቅርቧ ያለው ጤና ጣቢያ ውስጥ ትንፋሿን ቆጥሮ ስልክ የሚደውል ሰው ካለ ነው። እድሮችም ድንኳንና ወንበር ከማዘጋጀት አስቀድመው ለታማሚ መጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ ከመተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ እንዲያስገቡ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ጠያቂዋም ያቺው ነርስ ብትሆን ይሰሟታል።

ሥራው ግን መደብ ያስፈልገዋል። አሁን ባለው አሠራር ይህን ትምህርት የምትሸከመው ነርስ በፍላጎቷ ነው፤ የክፍል ሰዓቷ፣ የሌሊት ተረኝነቷና የተማሪ ምዘናዋ ሳይቀነስላት ትጨምራለች፤ ዕድገት ሲመጣ የሚቆጠርላት ኮርስና የታተመ ጥናት ነው፣ አልጋ ዳር ያስተማረችው አይቆጠርም። በርትታ ጥቂት ዓመት ትሠራለች፣ ከዚያ ወደ ሌላ ሥራ ትሄዳለች። ስለዚህ አስተዳደሮችን የምንጠይቀው በቁጥር የሚገለጽ ነገር ነው። በሳምንት ሁለት ሙሉ ቀን ለአልጋ ዳር ትምህርት ይለይላት፣ ለዕድገትም ይቆጠርላት። በካንሰር፣ በውስጥ ደዌና በማኅፀን ሕክምና ክፍሎች ሁለት ሁለት ነርሶች ከዙር ዝውውር ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይቆዩላት፤ አንዷ ዓመት ፈቃድ ስትወጣ ሌላዋ እንድትኖር ነው ሁለት የሚሆኑት። የሕመም ዓምድ በታማሚው ሰንጠረዥ ላይ ይታተም፤ በእጅ የሚጨመር ዓምድ ተረኛ ሲቀየር ይቀራል። የተማሪዎች የመጨረሻ የተግባር ፈተናም አንድ ጣቢያ የሞርፊን ስሌትና አንድ ጣቢያ የንግግር ልምምድ ይኑረው፤ የማይፈተኑበትን አያጠኑምና።

ከእርሷ የሚጠበቀው ደግሞ በየሦስት ወሩ ለመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ አንድ ገጽ ነው። ሕመማቸው የተለካ ታማሚዎች ስንት ናቸው፤ ከእነርሱ ሦስት ጣትና ከዚያ በላይ ያሉት ስንት ናቸው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ሕመማቸው የወረደው ስንት ናቸው፤ ሞርፊን የወጣው በግራም ስንት ነው፣ ጠፍቶ የከረመውስ ስንት ቀን ነው። ገጹ መድረስ ያለበት ተቋሙ የዓመቱን የመድኃኒት ፍላጎት ሠርቶ ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ከመላኩ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የደረሰ ቁጥር ለመጪው ዓመት ግዢ አይገባም፤ ዳባትና ደባርቅ ላሉት ታማሚዎችም አንድ ዓመት ይዘገያል።